የአባወራው ፊርማ

ሠርካዲስ ጠዋት ጠዋት ቁም ሣጥኗን ከፍታ የምትቆመው ምን ልልበስ ብላ አልነበረም፤ ዛሬ የትኛው ልብስ ይምረኛል ብላ ነበር። ከግራ ጡቷ ሥር ተነስቶ በጎኗ ዞሮ እስከ ጀርባዋ የሚደርስ፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ የሚያህል መስመር አለ። እዚያ ላይ ጨርቅ ሲያርፍ ያቃጥላል፤ ሲነሳም ያቃጥላል። ሹራብ አይሆንም። ናይሎን ያለበት ነገር ከነጭራሹ አይታሰብም። በመጨረሻ እጇ የሚያርፈው የባለቤቷ በነበረው አሮጌ ነጭ ካናቴራ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሳ ሳስቷል፣ ስፌቱም ላልቷል። እሱን ከውስጥ ታደርግና ከላይ ሰፋ ያለ ቀሚስ ትደርባለች። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙን ሦስት ፎቅ በደረጃ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ግራ ክንዷን ከጎኗ ትንሽ አራቅ አድርጋ፣ ሲያዩዋት ቦርሳ የከበዳት እንድትመስል።

የጀመራት በግንቦት ነው። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ከሕንፃው ሥር ሱቅ ያላት ዙሃራ ገና እንዳየችው ስሙን ጠራችው፤ አልማዝ ባለጭራ። ሽፍታው በሦስት ሳምንት ደረቀ፣ ጠባሳው ብቻ ቀረ። ሕመሙ ግን አልሄደም። አሁን ጥር ነው፤ ስምንት ወር ሆነው።

ከልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተደረደሩበት መስመር፣ አንዲት ጠባብ የትርጉም ቢሮ አላት። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ «ሀብተ ማርያም እና ሠርካዲስ የትርጉም አገልግሎት» ይላል። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ቋንቋ ነበር፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖሩ። ሀብተ ማርያም ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። የቀበሩት ጎረቤቶች ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም አይጠይቋትም። ከሩቅ የመጣ የቆየ ደንበኛ «ጋሼስ?» ሲላት ግን «ዛሬ አልገባም» ትላለች። ሞተ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ከኮምፒውተሩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ በእጁ የጻፋት ወረቀት እስካሁን በፕላስተር እንደተለጠፈች ናት። «ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ዓመት ማግሥት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን መጨመር እንዳይረሳ» ትላለች። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን የኛ ቀን ከፈረንጆቹ ጋር የሚገጥምበት በአንድ ቀን ይገፋል። ቸኩለው የሚተረጉሙ ሰዎች ይህን ይረሱታል። ሀብተ ማርያም እንዲህ ያለ ስህተት ባየ ቁጥር መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ፣ ይኸው ሰውየውን ከእናቱ በፊት አስወለዱት ይላት ነበር።

ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። የሚያያት ባሮክ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው። ሕመምተኛው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱ በየጊዜው ያርማል፣ ሰሚ ግን አላገኘም።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ሕመሙስ?»

«ትንሽ አለ። ይቻላል።»

ባሮክም ትንሽ አለ፣ ይቻላል ያለችውን ጻፈ። ፓራሲታሞልና የሚቀባ ቅባት አዘዘላት። ከእሷ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰው ቆሟል፤ ደህና ነኝ ያለውን ሰው እንዴት ደህና አይደለህም ብሎ ይከራከራል? በሦስተኛው ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ቅባቱን ማታ ስትቀባው ጣቷ ራሱ እንደ አሸዋ ወረቀት ሞረዳት፤ ክዳኑን ገጥማ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ዙሃራ ይህን ስትሰማ ምስር እየሰፈረች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ታዲያ ደህና ነኝ ሊሉት ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄዱት?» አለቻት። «እሱንማ እኔም እዚሁ እሰማልዎት ነበር እትዬ፣ ያለ ወረፋ።»

ሠርካዲስ ፈገግ አለች፤ ስትስቅ ጎኗን እንደሚያማት ስለምታውቅ ከፈገግታ አላለፈችም። ነገሩ ግን አብሯት ደረጃውን ወጣ። ሌሊቱን ሦስት ሰዓት ብትተኛ ነው፤ አንሶላውን በግራ በኩል እንዳይነካት በወንበር መደገፊያ ላይ ሰቅላ። ቀን ደግሞ ግራ ክንዷን ወደ መተየቢያው ስትዘረጋ መስመሩ ይነዳል፤ ስለዚህ በቀኝ እጇ ብቻ ትለቅማለች። የአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኞች መታገስ ትተው ወደ ጎረቤት ቢሮ መሄድ ጀምረዋል። እንዲህ ከቀጠለ የክረምቱን ዝናብ ሳታይ ሰሌዳውን ማውረዷ አይቀርም። ሰሌዳውን ማውረድ ደግሞ፣ ምክንያቱን ለማንም ባትነግርም፣ ከሕመሙ የከፋ ነገር ነበር።

ስለዚህ ሕመም የሚያክም ሐኪም መፈለግ ጀመረች።

ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የነርቭ ስፔሻሊስት አለ ተባለች። እንግዳ ተቀባይዋ መድን አለዎት ወይ ስትላት ደስ ብሏት ደብተሯን አወጣች፤ በወረዳው በኩል በየዓመቱ የምታሳድሰውን፣ የእሷና የሀብተ ማርያም ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር። ልጅቷ በሁለት ጣቷ ይዛ አየችውና መልሳ ሰጠቻት። ይሄማ የወረዳው ነው፣ እኛ የምንቀበለው የድርጅት ነው አለቻት፣ በትሕትና። ሌላ ክሊኒክ ደወለች፤ ያው መልስ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው፣ መጀመሪያ በሽታዎ ይታወቅ፣ ሕመም ብቻውን የሚታከምበት ክፍል የለንም አሏት። በሽታዬማ ታውቋል፣ አልፏልም፣ የቀረኝ ሕመሙ ነው አለቻቸው። እሳቸውም እውነትዎን ነው ብለው እስከ ደረጃው ሸኟት።

ሐኪሟን ያገኘችው በመጨረሻ በገዛ ሥራዋ ነው። አብዱልመናን የሚባል፣ ከባድ መኪና ሲነዳ ወገቡን የተጎዳ ሰው፣ ሕንድ አገር ላለ ሆስፒታል የሚልከውን የሕክምና ማስረጃ ሊያስተረጉም መጣ። ወንበሩ ላይ በአንድ ጎኑ ነበር የተቀመጠው። ሠርካዲስ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇ ቆመ። ማኅተሙ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ በመሐሉ «የሕመም ሕክምና ክፍል» ይላል። የሰው ፋይል እያዩ የራስን ጉዳይ መጠየቅ ነውር መስሎ ታያት፤ ሀብተ ማርያም ቢሆን አይወደውም ነበር። ቢሆንም ጠየቀች።

አብዱልመናን ከሷ ይልቅ እሱ ደስ አለው። ክፍሉ የሚሠራው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሐኪሟ ዶክተር ዕፀገነት ትባላለች፤ የወረዳውን መድን ይቀበላሉ፤ ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያልያዘ ሰው በሩን ከውጭ አይቶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ከነገራት በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ ደህና ነኝ እንዳይሏት» አላት። «እኔ የመጀመሪያው ቀን ጎበዝ ልምሰል ብዬ ደህና ነኝ አልኩና እንደ ደህና ሰው ተሸኘሁ።»

እሱ እንደወጣ ሠርካዲስ በባዶው ክፍል ልምምድ አደረገች። በጣም ያመኛል ለማለት ሞከረች። ድምጿ ለጆሯ የሌላ ሰው ሆነባት፤ የሚለምን ሰው ድምፅ። ተወችው። ከዚያ የምታውቀውን ሥራ ሠራች። ኮምፒውተሩን ወደ ቀኝ እጇ ሳብ አድርጋ፣ ለሠላሳ ዓመት ከጎን ካሉት ጸሐፊዎች ስታየው በኖረችው ደንብ፣ ማመልከቻ ጻፈች።

ባሮክ በማግሥቱ እንዴት ነዎት እናቴ ሲላት አልመለሰችም፤ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ጉዳዩ የሪፈር ወረቀት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ ይላል። አመልካቿ ከግንቦት ወር ጀምሮ አንድም ሌሊት ከሦስት ሰዓት በላይ ተኝተው እንደማያውቁ፣ በግራ እጃቸው መሥራት ባለመቻላቸው መተዳደሪያቸው አደጋ ላይ መውደቁን፣ የታዘዘላቸው ቅባት ሕመሙን ማባባሱን በተራ ቁጥር ይዘረዝራል። ባሮክ ቀስ ብሎ አነበበው። የመጨረሻው ነጥብ ላይ ሲደርስ ድምፁን አውጥቶ ደገመው።

«አመልካቿ ሲጠየቁ ‹ደህና ነኝ› ብለው የሚመልሱት ከልማድ የተነሳ ስለሆነ፣ ይህ ቃላቸው እንደ ማስረጃ እንዳይያዝባቸው በትሕትና ያመለክታሉ።» ቀና ብሎ አያት። «አመልካቿ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?»

«ይኸው ነገርኩህ።»

ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ሪፈሩን ጻፈላት፣ ማኅተም አስመታላት፤ ማመልከቻውን ደግሞ ጠርዙን አስተካክሎ ከካርዷ ጋር አያያዘው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነስታ ካናቴራውን ለበሰች፤ ሰማዩ ሳይጠራ ሆስፒታሉ ግቢ ነበረች። የሕመም ሕክምና ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ አረንጓዴ በር አለው፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ተጋድሞ ወይም ተጣሞ። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ የመድን መስኮት ማለፍ ያስፈልጋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ደረቷ ላይ «እንዳለች» የሚል የስም መለያ ለጥፋለች፤ ሪፈሩን አየች፣ ደብተሩን ገለጠች፣ ሁለቱን ፎቶዎች አየች።

«ደብተሩ በአባወራው ስም ነው» አለች እንዳለች። «ለስፔሻሊስት የምንሞላው ቅጽ ላይ አባወራው ይፈርማሉ። አብረውዎት መጥተዋል?»

«አልመጣም።»

«ሥራ ላይ ናቸው?»

ሠርካዲስ በመስኮቱ ቀዳዳ የሁለቱን ፎቶ በግልብጥ አየችው። የሀብተ ማርያም ሸሚዝ ኮሌታ ትንሽ ተጣሟል፤ ያኔ ፎቶ ቤት ላስተካክልልህ ብትለው ተይው ብሏት ነበር። ደብተሩን ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ አሳድሳዋለች። ሁለቱንም ጊዜ የወረዳው ሠራተኛ ቤተሰቡ ስንት ነው ብሏት ሁለት ብላለች። ማንንም ለማታለል አልነበረም። አንድ ማለት ስላልቻለች ነው።

«አዎ» አለች።

«እንግዲያው ለሚቀጥለው ሐሙስ መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡና ይፈርሙ። ምናልባት የተለወጠ ነገር ካለ ደግሞ ወረዳ አስተካክለው…»

«ይመጣል» አለች ሠርካዲስ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ደብተሯን ተቀብላ ከሰልፉ ወጣች። አረንጓዴው በር ከቆመችበት ሃያ እርምጃ አይሞላም። አንዲት ነርስ ከፍታው ስም ስትጠራ፣ አግዳሚው ላይ ከነበሩት አንዱ በሁለት እጁ ጉልበቱን ደግፎ ተነስቶ ገባ። በሩ ተዘጋ። ሠርካዲስ የልደታ ታክሲ እስኪሞላ በመስኮት በኩል ተቀምጣ፣ ይመጣል ያለችውን በልቧ ደጋግማ ሰማችው። በሥራዋ ስንት የሐሰት ሰነድ ለመተርጎም እምቢ ብላለች። ዛሬ የሐሰት ቃል የሰጠችው እሷ ናት።

ዙሃራ ሱቁን ልታጸዳ ዕቃውን ደጅ አውጥታ ነበር። ሐኪሟ ምን አለች ብላ ጠየቀቻት። ሠርካዲስ ሐኪሟ ጋ እንዳልደረሰች፣ የአባወራው ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገረቻት።

«እና ምን አሏቸው?»

«ይመጣል አልኩ።»

ዙሃራ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ የዘይት ጀሪካን ወደ ሠርካዲስ አስጠግታ እንድትቀመጥበት አደረገች፣ ራሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ባቡሩ ወደ መርካቶ አለፈ።

«እኔ አባቴ የሞተ ጊዜ» አለች ዙሃራ፣ «ላገኘሁት ሁሉ ነው የነገርኩት። ለታክሲ ረዳት ሳይቀር። ሰው ሲሰለቸኝ እንኳ አላቆምኩም። እርስዎ ደግሞ ለመስኮት እንኳ መንገር አቃተዎት።» እጇን ጉልበቷ ላይ አበሰች። «ጋሼ ሀብተ ማርያም ቢኖሩ ኖሮ ለዚያ ፊርማ ዛሬውኑ ይሮጡልዎት ነበር። አሁን ግን መሄድ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ።»

ሰኞ ጠዋት ሠርካዲስ ከቁም ሣጥኑ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ውል የሚቀመጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ከሥሩ ሆስፒታሉ የሰጣት የሞት ማስረጃ አለ፤ ፖስታው ያኔ እንደታሸገ ነው። ከእድሩ ደብዳቤ ጋር አብራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወረዳው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ቦታውን ታውቀዋለች፤ ከዚህ የወጡ ስንት ወረቀቶች በእጇ አልፈዋል። ዘግይቶ ለመጣ ምዝገባ የሚሞላ ቅጽ ሰጧት፤ ሞላችው። የሟች ስም የሚለው ላይ ጻፈች፣ የአስመዝጋቢ ዝምድና የሚለው ላይ ጻፈች። መጻፍ አይከብዳትም፤ እጇ የለመደው ሥራ ነው። አሌክስ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ፖስታውን ቀደደ፣ አየ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ፤ ለምን ዘገዩ ብሎም አልጨቀጨቃት። ከሰዓት ስትመለስ ምስክር ወረቀቱን አትሞ ሰጣት፤ በግራ በኩል አማርኛ፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛ። ፈርመው ይውሰዱ አላት።

ዝም ብላ ፈርማ መውጣት ትችል ነበር። ግን ያላነበበችውን ወረቀት ፈርማ አታውቅም። መነጽሯን አደረገች። እንደማንኛውም የደንበኛ ወረቀት ከላይ ጀመረች። ስሙ ልክ ነው። የአባቱ ስም በእንግሊዝኛው ትክክል ነው። የወረዳው ቁጥር ልክ ነው። የሞተበት ቀን በአማርኛው ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ይላል። በእንግሊዝኛው ኦክቶበር 21 ቀን 2023። ከንፈሯ ሳይታወቃት ቆጠረ።

ይሄ ቀን ተሳስቷል አለችው። አሌክስ ከሰንጠረዡ አይቶ እንደጻፈው፣ ጥቅምት አሥራ አንድ ምንጊዜም ኦክቶበር ሃያ አንድ እንደሆነ ነገራት። ምንጊዜም አይደለም አለችው፤ በ2015 መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ነበረች፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን ይጨመራል። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። አሌክስ ትዕግሥቱ ባያልቅም ሰዓቱን አየ።

«እናቴ፣ አንድ ቀን ነው እኮ። ለመድን ከሆነ ደግሞ የሚያዩት የአማርኛውን ነው።»

«ኦክቶበር ሃያ አንድ ቅዳሜ ነው» አለች ሠርካዲስ። «ባለቤቴ የሞተው እሁድ ነው።»

ድምጿ ከፍ አላለም።

«ቅዳሜ በሕይወት ነበር» አለች። «ቅዳሜ ማታ ሾርባ ጠጥቷል። ጋዜጣ አምጪልኝ ብሎኛል። እሁድ ጠዋት የልደታ ቅዳሴ ሳይወጣ ሞተ። አንድ ቀን አትቀንሱበት።»

አሌክስ ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያውን ወደኋላ ገለበጠ። ጥቂት ቆይቶ፣ እውነት ነው፣ ሃያ ሁለት እሁድ ነው አለ። ወረቀቱን አስተካክሎ እንደገና አተመላት። ስትፈርም ነፍስ ይማር አላት፤ ያኑርልኝ አለችው። የመጀመሪያውን ወረቀት ሊቀደው ሲል ከዚያ ዓመት የተመዘገቡ ሌሎችም እንዲህ ሳይሳሳቱ እንዳልቀሩ ታየውና መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ሠርካዲስ ሰንጠረዡን የት ላይ ማረም እንዳለበት በእርሳስ አሳየችው።

ደጅ ስትወጣ ሕመሙ እንዳለ ነበር። አልቀነሰም። ፀሐይዋ ጎኗ ላይ ስታርፍ በቀሚሱ ላይ እንኳ አቃጠላት። ቦርሳዋን በቀኝ እጇ ይዛ ወደ ወረዳው የመድን ክፍል ወጣች፤ የሚሠሩት እዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሁለት ነን ያልኩትን አንድ ብዬ መናገር ነበረብኝ አለቻቸው። ማንም አልተቆጣትም፤ አዲስ ፎቶ አምጪ አሏት። ረቡዕ አዲሱን ደብተር ሰጧት። እማወራ በሚለው ሥር ስሟ አለ፤ አጠገቡ አንድ ፎቶ። አሮጌው ደብተር ተሰርዟል ብለው ማኅተም መትተውበት መለሱላት፤ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ዕለት የመድን መስኮቷ ሠራተኛ እንዳለች አዲሱን ደብተር ገልጣ አየችና ቀና አለች። ያለፈውን እንዳስታወሰች ፊቷ ይናገር ነበር፤ ነገሩን ያነሳችው ግን ሠርካዲስ ናት።

«ባለፈው ይመጣል ብዬሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ሞቷል። ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለች እንዳለች። ቅጹን በመስኮቱ ሥር አሾለከችላት፤ የአባወራ ወይም የእማወራ ፊርማ የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመች። ሃያውን እርምጃ ሄዳ አግዳሚው ላይ፣ እንደሌሎቹ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። እዚያ ቦርሳ የከበዳት መምሰል አላስፈለጋትም።

ዶክተር ዕፀገነት አጭር፣ ቀጭን፣ ስታዳምጥ እስክሪብቶ የማትይዝ ሴት ነበረች። ጠባሳውን በጥጥ ጫፍ ብቻ ነካችው፤ ሠርካዲስ ትንፋሿን ስትውጥ ወዲያው እጇን አነሳች። ሽፍታው ሲድን ነርቩ አብሮት እንዳልዳነ፣ ቁስል ሳይኖር ቁስል አለ እያለ እንደሚጮህ፣ ይህም ፈጠራ ወይም የመንፈስ ድካም እንዳልሆነ አስረዳቻት። ከማን ጋር እንደምትኖር ጠየቀቻት፤ ባለቤቴ ሞቷል፣ ብቻዬን ነኝ አለቻት። በመጨረሻ የሕመሙን መጠን በቁጥር እንድትነግራት ጠየቀች። ዜሮ ምንም የለም ማለት ነው፤ አሥር ደግሞ ከዚህ የባሰ አይመጣም የሚሉት።

ሠርካዲስ አሰበች። መጀመሪያ የመጣላት አራት ነበር፤ ጨዋ ቁጥር ይመስላል። ከዚያ የሰቀለችውን አንሶላ አሰበች፣ በአንድ እጅ የለቀመቻቸውን ፊደሎች አሰበች። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትመልስ ያለውን እንጂ ያማረውን አትጽፍም።

«ስምንት» አለች። «ሌሊት ዘጠኝ።»

ዶክተር ዕፀገነት ያን ጊዜ እስክሪብቶዋን አነሳች። ማታ ማታ የሚዋጥ፣ በየሳምንቱ ቀስ እየተባለ የሚጨመር ትንሽ ክኒን አዘዘችላት፤ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ በመድኑ ይገኛል። ወደ ዜሮ አወርድልዎታለሁ አልልም አለቻት፤ ሦስት ወይም አራት ብናደርሰው ግን ይተኛሉ፣ ይሠራሉ። ይህን ስለነገረቻት ሠርካዲስ አመነቻት። ድራሹን አጠፋዋለሁ ብትላት ኖሮ ክኒኑን ከቅባቱ አጠገብ ታስቀምጠው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት አፏን አደረቃት እንጂ ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስትነቃ አንሶላው ከወንበሩ ተንሸራቶ ላይዋ ላይ ነበር፤ መቼ እንደወደቀ አላወቀችም። በግራ እጇ መጀመሪያ አንድ መስመር ተየበች፣ ከዚያ አንድ ገጽ። ሰሌዳው አልወረደም፤ ሁለቱም ስም እንዳለ ነው። አንድ ከናዝሬት የመጣ የቆየ ደንበኛ ጋሼስ ሲላት እጇን ከመተየቢያው አንስታ ነገረችው፤ ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ስለሀብተ ማርያም ግማሽ ሰዓት አወራላት። ካናቴራውን አሁንም ትለብሰዋለች። ሹራቡን ከላዩ ላይ መደረብ ግን ችላለች።

ሪፈሩ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው። በሚያዝያ ለማሳደስ ጤና ጣቢያ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ የተለመደው አርባ ሰው ቆሟል። ባሮክ ካርዷን ሲያወጣ ማመልከቻው አብሮ ወጣ።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሠርካዲስ።

ባሮክ አልጻፈም። እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቃት።

«አራት ነው» አለችው።